ዘበኛው ከተመለሰ በኋላ

ሥራ የጀመርኩት ቴፒ፣ አንድ እሑድ ከሰዓት በኋላ፣ አንገቱ በፕላስተር በታሰረ ማይክ ነው። ላላ አድርጌ ስይዘው ይጮኻል፤ ጠበቅ ሳደርገው እጄ ይደነዝዛል። የቪዲዮ ቤቱ ባለቤት ጋሽ አድማሱ ከሚዛን ተፈሪ ያስመጡኝ የእንግሊዝኛ ፊልም እንድተረጉምላቸው ነበር። አክስቴ ጎረቤታቸው ናት። «የወንድሜ ልጅ ፊልም ስታይ ለቤቱ ሁሉ ትተረጉማለች፤ ዝም በይ ብትባልም አትሰማም» ብላ ነግራቸዋለች። እውነቷን ነው። እኔ ሚዛን እያለሁ እናቴ አንድ ፊልም በሰላም አይታ አታውቅም።

ሥራው እንዲህ ነው። ተርጓሚዋ ከሸራው በስተግራ በርጩማ ላይ ትቀመጣለች። ሸራው ላይ ያሉት በእንግሊዝኛ ሲናገሩ እሷ በማይክ በአማርኛ ትናገራለች። ሽማግሌውም፣ ሙሽራይቱም፣ ፖሊሱም እሷው ናት።

የዚያን ቀን እያንዳንዱን ቃል ልተረጉም ታገልኩ። ሰውየው ተናግሮ፣ ተጣልቶ፣ በሩን ዘግቶ ሲወጣ እኔ ገና ሰላምታው ላይ ነኝ። ከኋላ አንድ ሰው፣ «እህቴ፣ መኪናው ሄዷል፤ አንቺ መናኸሪያ ቀርተሻል» አለኝ። አዳራሹ በሙሉ ሳቀ። እኔም ከማልቀስ ይሻላል ብዬ አብሬ ሳቅሁ።

ፊልሙ ሲያልቅ ጋሽ አድማሱ ጠሩኝ። ልባረር ነው ብዬ ነበር። «የሚሉትን ተይው፤ የሚሆነውን ንገሪን» አሉኝ። ከዚያ ወዲህ ሌላ ሥልጠና አልተሰጠኝም፤ አላስፈለገኝምም።

የቀረውን ከዮኒ ጋር እየሠራሁ ተማርኩት። ዮኒ ፕሮጀክተሩን፣ ስፒከሩንና ጄነሬተሩን የያዘው ኦፕሬተራችን ነው። በቪዲዮ ቤት ማዕረግ ትኬት ቆራጩ ከታች ነው፣ ኦፕሬተሩ ከእሱ በላይ፣ ተርጓሚው ከሁሉም በላይ። ዮኒ ይህን ማዕረግ አንድም ቀን አምኖበት አያውቅም። «መብራት ሲጠፋ ማን ነው አለቃው?» ይለኛል። መብራት ሲጠፋ እሱ ጄነሬተሩን እስኪያስነሳ እኔ በጨለማ፣ ያለ ማይክ፣ ቀጥሎ የሚሆነውን በአፌ እነግራለሁ። ሰው ከአግዳሚው እንዳይነሣ የማደርገው እኔ ነኝ፤ እሱ ደግሞ ሞተሩን ነው የሚጎትተው። እስካሁን በዚህ አልተስማማንም።

ቅዳሜ ጠዋት ፊልሙ የተጫነበት ፍላሽ ሲመጣ ሁለታችን ብቻችንን እናየዋለን። የት ላይ ዝም እንደምል የምወስነው ያኔ ነው። ሲጮሁ አይተረጎምም። ሲሳሳሙም አይተረጎምም። ሙዚቃው ከፍ ሲል አፍን መዝጋት ነው። ሌላው ትልቁ ነገር አማርኛው ነው። አዳራሹ ውስጥ ቤንች አለ፣ ሸኮ አለ፣ ካፋ አለ፣ ለቡና ሥራ ከሩቅ አገር የመጣ አለ። አማርኛ ለብዙው ሁለተኛ ቋንቋው ነው፤ ለእኔም ነው። ረጅም ዓረፍተ ነገር የተናገርኩ እንደሆነ ግማሹ አዳራሽ ግማሹን «ምን አለች?» ብሎ ይጠይቃል፤ ከዚያ ወዲያ የሚሰማኝ የለም። ስለዚህ አጭር እናገራለሁ። የፈረንጅ ስምም አልጠራም። ሰውየው ታላቅየው ከሆነ «ታላቅየው» ነው፤ አበቃ።

የደም መጣጮቹ ተከታታይ ፊልም የመጣልን ሥራውን በደንብ ከለመድኩ በኋላ ነው። አንድ ትልቅ ቤት አለ፤ በውስጡ ታላቅየውና ታናሽየው የሚባሉ፣ የማያረጁና የማይሞቱ፣ የሰው ደም የሚጠጡ ወንድማማቾች ይኖራሉ። አንድ ሙሽሪት አለች፤ ሁለቱም ይወዷታል። በሩ ላይ ደግሞ ዘበኛው አለ። ዘበኛው ሰው ነው። አርጅቷል፣ ጉልበቱን ያመዋል፣ የሚጠብቃቸው ምን እንደሆኑም ያውቃል። «እንንከስህና አብረኸን ኑር» ሲሉት እምቢ ይላል።

ወደድኩት። ዛሬ ይህን ስናገር የሚስቁብኝ አሉ፤ ይሳቁ። ቅዳሜ እስኪደርስ እንቅልፍ አጣ ነበር። ለታላቅየው የሚሆን ወፍራም ድምፅ፣ ለታናሽየው የሚሆን ቁጡ ድምፅ በአክስቴ ጓሮ እንሰት ሥር ቆሜ ተለማምጃለሁ። ለዘበኛው ግን ምንም አልተለማመድኩም። ከአፌ እንዲሁ ወጣ።

እሑድ እሑድ ሰዉ ከጸሎት ቤት በቀጥታ ወደ እኛ ይመጣል። ከሁለተኛው አግዳሚ ጫፍ የሚቀመጡት ጋሽ ጴጥሮስና ባለቤታቸው እትዬ አስቴር ነበሩ። ጋሽ ጴጥሮስ ዕድሜያቸውን ሙሉ የቡና መጋዘን ዘበኛ ናቸው። እትዬ አስቴር ቡና ይለቅማሉ፣ ከለቀማ ውጪ ደግሞ ቤታቸው ሆነው የተቀሸረ ቡና ያበጥራሉ። ደም መጣጮቹ ሊነክሱ ሲሉ እትዬ አስቴር ነጠላቸውን በዓይናቸው ላይ ይጥሉና «ሲጨርሱ ንገሩኝ» ይላሉ። ጋሽ ጴጥሮስ ደግሞ ዘበኛውን «ባልደረባዬ» ብለው ነው የሚጠሩት።

ባልደረባቸው ሥራ ሲያበላሽ ዝም ማለት አይሆንላቸውም። «ባትሪውን ዝቅ ያድርግ እንጂ! እንዲህ ካበራ እሱን ነው የሚያዩት። ንገረው» ይሉኛል። ጋሽ ጴጥሮስ አፋቸውን የፈቱት በሸኮኛ ነው፤ ሴቱንም ወንዱንም «አንተ» ይላሉ። «ጋሼ፣ አይሰማኝም እኮ» እላቸዋለሁ። «እሱ አይሰማም፤ አንተ ግን ንገረው።» ሕዝቡ የሚስቀው በእሳቸው ነው ወይስ በፊልሙ ለመለየት ያስቸግር ነበር።

በሦስተኛው ሲዝን መጨረሻ ዘበኛው ሞተ። በሩን ሲጠብቅ ቆሰለ። ታናሽየው አጠገቡ ተንበርክኮ «አንድ ጊዜ ልንከስህ፤ ትድናለህ» ብሎ ለመነው። ዘበኛው እምቢ አለ። እንግሊዝኛው ረጅም ነበር፤ እኔ ያልኩት ግን «ሰው ሆኜ መጣሁ፣ ሰው ሆኜ ልሂድ» ነው። ከዚያ በኋላ ድምፄ እምቢ አለኝ። ማይኩን ጭኔ ላይ አድርጌ አለቀስኩ። የቀረው ትዕይንት ያለ ትርጉም አለፈ፤ ማንም አልጠየቀኝም።

በሳምንቱ ጋሽ ጴጥሮስ የተቀቀለ ጎደሬ በቅርጫት ይዘው መጡ። «ባልደረባዬ ሞቶ ባዶ እጄን አልመጣም» አሉ። ቀልድ ነው፤ ግን ፊታቸው አይስቅም። ከሌሎቹም ነገሩ ገብቶት ንፍሮ ያመጣ ነበር። ፊልሙ ሳይጀመር በላን። ከዚያ ሰዉ አንድ በአንድ ወደ እኔ መጥቶ እጄን እየጨበጠ «እግዚአብሔር ያጽናሽ» አለኝ። መጀመሪያ አልገባኝም። ዮኒ ነው በጆሮዬ ያስረዳኝ፦ «ድምፁ አንቺ ነበርሽ፤ ታዲያ ማንን ያጽናኑ?» በሥራ ዘመኔ እንደዚያን ቀን የተከበርኩበት ቀን የለም።

አራተኛው ሲዝን ሲጀመር ነገር ተበላሸ። ሞተች ያልናት ሙሽሪት ተነሣች። አንገቱን የተቆረጠው አጎት ሌላ አንገት ይዞ መጣ። ተገድሎ የተቃጠለው ጠላት ወንድም ኖሮት፣ ወንድሙ ራሱ እሱ ሆኖ ተገኘ። አንዱን ለቅሶ ሳንጨርስ ሟቹ በር ያንኳኳል። የሞኝ ዘፈን ሁልጊዜ አበባዬ ይሉ የለ? ቅዳሜ ጠዋት ዮኒ «ተነሺ፣ ፍላሹ መጥቷል» ሲለኝ ልብስ ማጠብ አለብኝ ማለት ጀመርኩ።

በዚያ ክረምት ጋሽ ጴጥሮስ ታመሙ፤ ብዙም ሳይቆዩ አረፉ። ቪዲዮ ቤቱን ዘግተን ሁላችንም ቀብር ሄድን። ዝናቡ አላባራ ብሎ ድንኳኑ ውኃ ቋጥሮ ነበር። እትዬ አስቴር እኔን ሲያዩ አቀፉኝና፣ «ባልደረባውን ተከትሎ ሄደ» አሉኝ። እስከ ቡና ለቀማው ማብቂያ ድረስ ወደ አዳራሹ አልመጡም። ሲመጡም ብቻቸውን ሆነው በባላቸው ቦታ፣ በአግዳሚው ጫፍ ተቀመጡ።

እኔ ግን ፊልሙን ጠልቼዋለሁ። ጋሽ አድማሱን «ይኼን ነገር እንተወው፤ ሰለቸኝ» አልኳቸው። «ልጄ፣ ስኳር የማይወድ ባለሱቅም ስኳር ይሸጣል» አሉኝ። እውነታቸውን ነው፤ ሰዉ ገና ይመጣ ነበር። ወደ በርጩማዬ ተመለስኩ።

አምስተኛው ሲዝን አጋማሽ ላይ፣ አንድ ቅዳሜ ጠዋት፣ እኔና ዮኒ ቁርሳችንን እየበላን የነገውን ክፍል እናያለን። የትልቁ ቤት በር ተንኳኳ። ተከፈተ። ዘበኛው ቆሟል። ጉልበቱ አይታመምም፣ ፊቱ ወጣት ሆኗል፣ ፈገግ ሲል ጥርሱ ይታያል። ለካስ ያን ጊዜ ሊሞት ሲል፣ እኛ ሳናይ፣ ታናሽየው ነክሶት ኖሯል።

ዮኒ ፊልሙን አቆመው። «እትዬ አስቴር» አለ። እኔ በንዴት ዳቦዬን ጠረጴዛው ላይ ወረወርኩት። እምቢ ማለቱን በዚህ አፌ ነው የተናገርኩት። ሰዉ ሁሉ ጽናት ተመኝቶልኛል፣ ጎደሬ በልተንበታል። አሁን ባሏን የቀበረች ሴት ፊት ይህን ሰው ከነጥርሱ ላቆመው ነው። እትዬ አስቴር ሳይዘጋጁ እንዲያዩት አልፈለግሁም። ነጠላዬን ደርቤ ቤታቸው ሄድኩ።

እትዬ አስቴር ደጃፋቸው ላይ ሰፌድ ይዘው ጥቁር ፍሬ ከቡናው ይለቅማሉ። አጠገባቸው ተቀምጬ አብሬ መልቀም ጀመርኩ።

«እትዬ፣ ነገ ባይመጡ ይሻላል።»

«ለምን?»

«ዘበኛው ተመልሷል።»

እጃቸው ሰፌዱ ላይ ቆመ። «ሞቶ የለም እንዴ?»

«ነክሰውት ኖሯል። ሊሞት ሲል፣ ሳናይ።»

«ማን?»

«ታናሽየው።»

አንድ ፍሬ አንሥተው አዩትና መልሰው ጣሉት። «እንዲህም ይቻላል ለካ» አሉ ቀስ ብለው።

«እትዬ አስቴር፣ ደስ አይልም እኮ። እሱ እንዲህ መሆን አልፈልግም ብሎ ነው የሞተው። አሁን ጥርስ አለው።»

«ይኑረዋ» አሉኝ። «ጥርስ ይኑረው። አንቺ ልጅ ነሽ። ጴጥሮስ ከሄደ ወዲህ እኔ እግዚአብሔርን ያልለመንኩበት መንገድ የለም። እንደ ድሮው መልስልኝ አልኩት። እሱ ካልሆነ በሽተኛ አድርገህ መልስልኝ አልኩት። ዕውር ሆኖም ይምጣ አልኩት። ጥርስ ብሎ ነገር ትዝ አላለኝም እንጂ እሱንም እጨምር ነበር።» ሰፌዱን ወደ እኔ ገፋ አደረጉት። «ነገ እመጣለሁ። በሩን ሲያንኳኳ አጥርተሽ ንገሪኝ።»

ላጽናናቸው ብዬ ሄጄ ራሴ ተሸንፌ መጣሁ።

እሑድ ዘበኛው ሲያንኳኳ አዳራሹ ተንጫጫ። «ይኼንንማ ቀብረነዋል!» አለ አንዱ። «ንፍሮዬን መልሱልኝ» አለ ሌላው። የእድር ዳኛ የሆኑ አንድ ሽማግሌ ተነሥተው፣ «ለቅሶ የተደረሰለት ሰው ከአባልነት ተሰርዟል፤ መመለሻ ደንብ የለንም» ብለው ፈረዱ። አዳራሹ በሳቅ ፈረሰ። አንዳንዶች ግን ባርኔጣቸውን አንሥተው ወጡ። ከምር ተቀይመዋል፤ እኔም በልቤ ከእነሱ ጋር ወጣሁ። እትዬ አስቴር አልሳቁም። ዘበኛው ሰው ሲነክስ እንኳ ነጠላቸውን ወደ ዓይናቸው አላነሡም።

ከዚያ በኋላ አዳራሹ በየሳምንቱ እየሳሳ ሄደ። ወጣቶቹ በስልካቸው ሌላ ነገር ያያሉ። ጋሽ አድማሱ ዲሽ አስገቡና እሑድ ከሰዓት የእግር ኳስ ሆነ። ለኳስ ተርጓሚ አያስፈልግም፤ ለእኔ በሥራ ቀናት የሚታዩት አጫጭር ፊልሞች ቀሩልኝ። እውነቱን ልናገርና፣ ደም መጣጮቹ ሲቀሩ እንደ ጆንያ ቡና ከጀርባዬ ወረዱልኝ።

የመጀመሪያው የኳስ እሑድ እትዬ አስቴር እንደ ልማዳቸው መጡ። በሩ ላይ የሚጮኸውን ወንድ ሁሉ አዩና ወደ እኔ ዞሩ። «ዘበኛው ዛሬ የለም?»

ጋሽ አድማሱ እኔን አዩኝ። እኔ ዮኒን አየሁት። ዮኒ መሬት መሬት አየ።

«ማክሰኞ ከሰዓት አዳራሹ ባዶ ነው» አሉ ጋሽ አድማሱ። «መብራቱ በእኔ። ከፈለጋችሁ ሥሩ።»

ማክሰኞ ማክሰኞ ለአንድ ሰው መተርጎም ጀመርኩ። በርጩማዬን ትቼ አጠገባቸው አግዳሚው ላይ ተቀመጥኩ። ማይክ አልያዝኩም። ለሕዝብ ሲተረጎም ድምፅ ወደ ኋላው ግድግዳ ይላካል፤ ለአንድ ሰው ሲሆን እንደ ወግ ነው። በእንዲህ ዓይነቱ ሥራ ልምድ አልነበረኝምና እንደገና ጀማሪ ሆንኩ። ቅዳሜ ቅዳሜ ደግሞ ያን የጠላሁትን ፊልም ከወደድኩት ጊዜ ይበልጥ ተጠንቅቄ አየው ነበር። ዘበኛው የማይገባበትን ዮኒ ቶሎ ቶሎ ያሳልፈዋል። ስለ ሙሽሪት ሁለተኛ ሠርግ አንዲት ቃል አልነገርኳቸውም፤ እሳቸውም ሙሽሪትን አልጠየቁኝም።

አንድ ማክሰኞ፣ ፊልሙ መሐል፣ «አንቺ ግን ጠልተሽዋል» አሉኝ።

«ምኑን?»

«ይኼን ፊልም። ድምፅሽ ያስታውቃል። ድሮ ስትተረጉሚ አንቺም የምታዪ ትመስዪ ነበር።»

መዋሸት አልቻልኩም። «አዎ፣ ሰልችቶኛል» አልኩ።

«ታዲያ ለምን ትነግሪኛለሽ?»

«እርስዎ ስለሚመጡ።»

ጉልበቴን መታ መታ አደረጉኝና ወደ ሸራው ዞሩ። እወዳቸው ነበር። ፊልሙን ከጠላሁት በላይ እሳቸውን እወዳቸው ነበር፤ ነገሩ ይኸው ነው።

ስድስተኛው ሲዝን አልቆ ሰባተኛው ተጀምሮ ነበር። አንድ ማክሰኞ ዘበኛው ወደ ድሮ ሥራው ተመለሰ። ታላቅየው «በሩን ጠብቅ» አለው፤ ዘበኛውም ወንበሩ ላይ ተቀመጠ። እትዬ አስቴር ወደ ፊት ጠጋ አሉ። ከውጭ ኮቴ ተሰማ። ዘበኛው ተነሣ፣ መቀርቀሪያውን ሳበ፣ በሩን ከፈተ። የሚተረጎም ነገር ስላልነበረ ዝም አልኩ።

«ሳይጠይቅ ከፈተ» አሉ እትዬ አስቴር።

ዮኒ ነገሩ ስላልገባው ፊልሙን አቆመ።

«ጴጥሮስ ሳይጠይቅ ከፍቶ አያውቅም» አሉኝ። «ለእኔም። መጋዘን ራት ይዤለት ስሄድ፣ በአካሄዴ እያወቀኝ፣ በሩ ላይ ያቆመኝና ‹ማነው?› ይለኛል። ‹እኔ ነኝ› እላለሁ። ‹አንቺ ማን?› ይላል። ‹አስቴር› እላለሁ። ያን ጊዜ ነው የሚከፍተው። ወጡ ቀዘቀዘ ብዬ ስንት ዓመት ተቆጥቼዋለሁ።» ሳቁ፤ ሲስቁ እንባቸው ወረደ። ነጠላቸውን አነሡና ጠረጉት። «ይኼኛው ሌላ ሰው ነው ልጄ። እሱ አይደለም።»

«ገና ይቀራል እኮ፣ እትዬ» አልኳቸው። ለምን እንዳልኩ አላውቅም። ለረጅም ጊዜ እንዲያልቅ ስመኝ የኖርኩት እኔ ነኝ፤ አሁን ግን ሲነሡ ፈራሁ።

«ይቅር። ይበቃኛል።»

ዮኒ ፍላሹን ነቀለ። በሩ ድረስ ሸኘኋቸው። በኋላም ቤታቸው እየሄድኩ ቡና እንለቅም ነበር፤ ስለ ጋሽ ጴጥሮስ አወሩኝ፣ ስለዚያ ፊልም ግን ዳግመኛ አላነሡብኝም። የቀሩትን ክፍሎች እኔም አላየኋቸውም። ሙሽሪት ማንን እንዳገባች የሚያውቅ ሰው ቢነግረኝም አልሰማውም።

ዛሬ ሥራውን የሚጀምሩ ልጆች እንዴት እንደሚተረጎም ሲጠይቁኝ የምነግራቸው ይህንኑ ነው። ተከታታይ ፊልም የሚያልቀው ተመልካቹ ሲበቃው ነው። እስከዚያ ድረስ ተርጓሚው ቢሰለቸውም ይተረጉማል።